አሮጌ ሚኒኮምፒውተር ቤት ውስጥ ማደስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጋራዤ ውስጥ መኪና ቆሞ አያውቅም። ሁለት ሚኒኮምፒውተር፣ አንድ የዲስክ ማሽን፣ አንድ ቴሌታይፕ (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ የጽሕፈት መኪና) እና ሚስቴ መቁጠር ያቆመቻቸው ካርቶኖች አሉ። የምኖረው ማሳቹሴትስ ነው። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ነው። ለቡና የመጣ እንግዳ ጋራዡን ባየ ቁጥር ያንኑ ይጠይቀኛል፤ ከሩቅ የሚደውሉም አሉ። መልሱን አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"ሚኒ" የምትለው ይሄን ፍሪጅ ነው?

አዎ። "ሚኒ" የተባለው ከቀዳሚዎቹ አንጻር ነው። በ1950ዎቹ ኮምፒውተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ የራሱ ማቀዝቀዣና የራሱ ሠራተኞች ያሉት ዕቃ ነበር። በ1957 ሜይናርድ ከተማ ውስጥ፣ በአሮጌ የሱፍ ፋብሪካ ሕንፃ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። እኛ በአጭሩ ዴክ ነው የምንለው። በ1965 ፒዲፒ-8ን በ18 ሺህ ዶላር አካባቢ አወጣ። ክብደቱ ወደ 113 ኪሎ ነው። ለዚያ ዘመን ትንሽም ርካሽም ነበር። አንድ ላቦራቶሪ "የራሴ ኮምፒውተር" ማለት የቻለው ያኔ ነው።

ሜሞሪው 4,096 ቃል ነው፤ አንዱ ቃል 12 ቢት። በስልካችሁ የምታነሱት ፎቶ ቀርቶ የፎቶው ጥግ እንኳ አይገባበትም።

ፒዲፒ-8ን ከነደፉት አንዱ ኤድሰን ደ ካስትሮ ዴክን ለቆ በ1968 ከሌሎች ጋር ዳታ ጄኔራልን አቋቋመ። በዓመቱ ኖቫ የሚባለውን ማሽን አወጡ። ዴክ ደግሞ በ1970 ባለ 16 ቢቱን ፒዲፒ-11 አመጣ። ዩኒክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያደገው፣ ሲ የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም የተወለደው በዚህ ማሽን ላይ ነው። በ1977 ቫክስ የሚባለው የዴክ ማሽን ተከተለ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡት ኮምፒውተሮች መጥተው ገበያውን ወሰዱት። ዴክ ራሱ በ1998 ኮምፓክ ለሚባል ኮምፒውተር አምራች ተሸጠ።

ከየት ነው የሚገኘው?

አብዛኛው የለም። ቆራሌው ወስዶታል። የካርዶቹ፣ ማለትም በማሽኑ ውስጥ የሚሰኩት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች፣ ጥርሶች ወርቅ ቅብ ናቸው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ማሽን ተፈልጦ ቀልጧል። የምናለሽ ተራን ነጋዴ እዚህ አምጥቼ ባሳየው እመኛለሁ። እሱ ቢሆን ቢያንስ ለመለዋወጫ ያስቀምጠው ነበር።

የተረፈው ከሦስት ቦታ ይወጣል፦ ጡረታ ከወጡ መሐንዲሶች ምድር ቤት፣ ከዩኒቨርሲቲ መጋዘን እና ከጨረታ። የመጀመሪያው ይሻላል። ሰውየው ማሽኑን ያውቀዋል፤ ኬብሉን አልጣለም፤ መጽሐፉም አብሮ አለ። ብዙ ጊዜ ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበው ማን እጅ እንደሚገባ ነው። ቡና ጠጡ፣ ታሪኩን ስሙ፣ አትቸኩሉ።

በ2012 ሲያትል ውስጥ የማይክሮሶፍት መሥራች ከሆኑት አንዱ ፖል አለን የከፈተው ሙዚየም ነበር። አሮጌዎቹ ማሽኖች እየሠሩ የሚታዩበት ቦታ ነው። በ2020 በሩን ዘጋ፤ በ2024 የተወሰኑት ዕቃዎች በጨረታ ተሸጡ። ሙዚየም የገባ ዕቃ ሁሉ እዚያው ይቀራል ብላችሁ አታስቡ።

ለጀማሪ የትኛው ይሻላል?

ሁሉም ሰው መብራትና ማብሪያ የተደረደረበትን ፒዲፒ-8/ኢ፣ የፒዲፒ-8ን ኋለኛ ሞዴል፣ ይመኛል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ብዙ ሺህ ዶላር ይጠየቅበታል። ለመማር ፒዲፒ-11/23 ወይም ማይክሮቫክስ (ትንሹን ቫክስ) ያዙ። ያነሱ ናቸው፤ መብራት የላቸውም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ስትገዙ ሙሉነቱን እዩ። የተበላሸ ካርድ ይጠገናል። የሌለ ካርድ ለማግኘት ግን አንድ ዓመት ያስፈልጋችኋል። የፊት ፓነሉ ተነቅሎ ለብቻው ከተሸጠ ማሽን ራቁ።

እንደመጣ ልሰካውና ልየው?

አይሆንም! ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ስፒናውን አትሰኩ። 30 ዓመት ቆሞ ምንም ያልሆነ ማሽን የሚሞተው አዲሱ ባለቤት በቸኮለባት አንድ ደቂቃ ነው።

የምለው ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያውን ማሽን የሸጠልኝ ሰው "ይሠራል" አለኝ። ማታ አምስት ሰዓት ላይ ጋራዥ አገባሁት። ጠዋት ድረስ መታገስ አቃተኝና ሰካሁት። አራት ሰከንድ ያህል መብራቶቹ በሩ። ደስ ብሎኝ ሳላበቃ እንደ ፈንዲሻ "ጧ!" አለ። የከረመ ዓሣ የመሰለ ሽታ ጋራዡን ሞላው፤ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ልጆች ተነሱ። የፈነዳው የኃይል ማከፋፈያው ካፓሲተር፣ ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ነው። ካርዶቹን አልነካም። ዕድል ነው እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። በኃይል ማከፋፈያው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ቆርቆሮ የሚያክሉ ናቸው። ውስጣቸው ስስ ሽፋን አለ፤ ኮረንቲ እንዳይተላለፍ የሚያግደው እሱ ነው። ለዓመታት ኮረንቲ ሳያገኝ ሲቀር ይሳሳል። ድንገት ሙሉ ቮልት ስትለቁበት ይቀደዳል። ቀስ እያላችሁ ብትጨምሩለት ግን ሽፋኑ መልሶ ይሠራል።

እኔ የምሄድበት መንገድ ይሄው። መጀመሪያ ካርዶቹን በሙሉ አወጣለሁ። የነበሩበትን ቦታ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሺህ ጊዜ "አልረሳውም" ብላችሁም አንሱ። አቧራውን እጠርጋለሁ። ጎተራ ውስጥ የከረመ ማሽን ከሆነ የአይጥ ጎጆ አይጠፋውም፤ የአይጥ ሽንትና ኩስ በሽታ ያስይዛልና ጭምብልና ጓንት አድርጉ። ከዚያ ካፓሲተሮቹን በካቻቢቴ ፈትቼ አንድ በአንድ ከትንሽ የኃይል ምንጭ ጋር በሬዚስተር በኩል አገናኛለሁ። ቮልቱን ቀስ እያልኩ ወደላይ እወስዳለሁ። አንዱ ብቻ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የሚግል፣ የሚያብጥ ወይም የሚያፈስ ከሆነ ይጣላል።

ከዚያ ማከፋፈያው ለብቻው ይፈተናል፤ ካርድ ሳይኖር። ባዶውን ሳይሆን ጭነት ሰጥቼው ነው፤ የመኪና አምፖል ጥሩ ጭነት ነው። ፒዲፒ-8/ኢ +5፣ +15 እና −15 ቮልት ይፈልጋል። ሁሉንም በቴስተር እለካለሁ። በተለይ +5ን። የዚያ ዘመን ቺፖች ከ7 ቮልት በላይ አይችሉም። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ቮልቱ ካመለጠ ሁሉም ካርዶች በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ። አንድ ሰዓት አስቀምጬ ደግሜ ከለካሁ በኋላ ነው ካርድ የሚገባው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቮልትን ቀስ አድርጎ የሚጨምረው ትራንስፎርመር፣ ቫሪያክ የምንለው፣ ለሁሉም ማሽን አይሆንም። ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት ማከፋፈያ ዝቅ ያለ ቮልት ሲያገኝ ብዙ ኮረንቲ ይስባልና በዚያው ይቃጠላል። ሌላው፣ ቀለበታችሁን አውልቁ። 5 ቮልት አይጨብጥም ብላችሁ አትናቁት። በአንዳንዶቹ ፒዲፒ-11 ውስጥ አንዱ የ5 ቮልት መስመር ብቻ 25 አምፔር ይሰጣል። የጋብቻ ቀለበት በመሃል ከገባ ጣታችሁ ላይ ይግላል።

ካርዶቹን በምን ላጽዳ?

ሰው ሲሰማ ይደነግጣል እንጂ ብዙዎቻችን በለብ ያለ ውሃና በሳህን ሳሙና ነው የምናጥባቸው። ከዚያ ቀናት ማድረቅ። የኮር ሜሞሪ ካርድ ግን ውሃ አይነካውም፤ ብሩሽም አይነካውም። ወርቅ ቅቡን ጥርስ በአልኮል ጥረጉ። ላጲስ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልወደውም፤ ወርቁን ይልጠዋል።

ኮር ሜሞሪ ስትል ምንድን ነው?

ከሁሉም የምወደው ክፍል ስለሆነ ታገሱኝ።

ቺፕ ሜሞሪ ከመለመዱ በፊት አንድ ቢት ማለት አንዲት ትንሽ የፌራይት ቀለበት ነበረች። ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። በአንድ አቅጣጫ ከተማገነጠች 1፣ በሌላው 0። ቀለበቶቹ ላይ ሽቦ ይሰካል፤ ልክ ዶቃ እንደሚሰካው። ሽቦዎቹ ደግሞ ድርና ማግ ናቸው፦ ወደታች የሚሄዱ አሉ፣ ወደጎን የሚሄዱ አሉ። አንዷን ቀለበት ለመምረጥ በአንዱ ድርና በአንዱ ማግ ላይ ግማሽ ግማሽ ኮረንቲ ይላካል። ሁለቱ የሚገናኙባት ቀለበት ብቻ ሙሉውን ታገኛለች። ሌሎቹ ግማሽ ብቻ ስለሚደርሳቸው ንቅንቅ አይሉም።

ለ4,096 ቃል 49,152 ቀለበት ያስፈልጋል። ያንን ሽቦ የሰካው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው፤ በአጉሊ መነጽር እያዩ የሚሠሩ ሴቶች እጅ። የአክስቴን የጥልፍ ሥራ ያየሁ ያህል ነው የምደነቀው።

ጠባዩም ይገርማል። ማንበብ ያጠፋዋል። ማሽኑ አንድ ቃል ባነበበ ቁጥር ወዲያው መልሶ ይጽፈዋል። በሌላ በኩል መብራት ቢጠፋ አይረሳም። ስለዚህ አንድ አሮጌ ማሽን ስታስነሱ ሙከራ ከመጀመራችሁ በፊት በሜሞሪው ውስጥ ያለውን ቅዱ። ከስንት ዓመት በፊት ያጠፋው ሰው የተወው ፕሮግራም ሊኖር ይችላል።

ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከቀለበቶቹ አይደለም። ሽቦዎቹን የሚነዱት ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች ናቸው የሚሄዱት። እነሱ ይለወጣሉ። ሽቦ ከተበጠሰ ግን አልቅሱ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

የፊት ፓነሉ መብራቶች ለውበት ናቸው ወይስ ይሠራሉ?

ይሠራሉ። የኮምፒውተሩን ሐሳብ በቀጥታ የምታዩት በእነሱ ነው። ማብሪያዎቹ ደግሞ ፕሮግራም ማስገቢያ ናቸው። በፒዲፒ-8/ኢ 12 ማብሪያ በሦስት በሦስት ተከፍሏል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከ0 እስከ 7 ያለ አሃዝ ይሰጣሉ።

ማከፋፈያው ደህና ከሆነ፣ ካርዶቹም ከገቡ፣ የመጀመሪያ ሙከራዬ ሁለት ቃል ብቻ ነው። አድራሻ 0200 ላይ 7001፤ ትርጉሙ "አንድ ጨምር"። 0201 ላይ 5200፤ "ወደ 0200 ተመለስ"። ማሽኑን አስነሱት። መብራቶቹ ደብዘዝ ብለው ሁሉም እኩል የበሩ ይመስላሉ። አልተበላሸም፤ እጅግ ፈጥኖ እየቆጠረ ነው። ከ0 እስከ 4,095 የሚቆጥረው በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ዓይናችሁ አይደርስበትም።

ስለዚህ እናዘግየው። ከ0200 ጀምሮ እነዚህን አራት አስገቡ፦ 2300፣ 5200፣ 7001፣ 5200። የመጀመሪያው 0300 ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ዞሮ 0 እስኪሆን ሁለተኛው ወደኋላ ይመልሰዋል። 0 ሲሆን ሁለተኛው ይዘለልና ሦስተኛው አንድ ይቆጥራል። አሁን የቀኝ መብራቶች ይንቀጠቀጣሉ፤ የመሃሎቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ። የግራውን ዳር መብራት ለማየት ግማሽ ደቂቃ ያህል ትጠብቃላችሁ። የመጀመሪያ ቀን እሷ እስክትበራ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

በድሮዎቹ 8/ኢ መብራቶቹ ትናንሽ አምፖሎች ናቸው፤ በኋለኞቹ ኤልኢዲ። አንድ መብራት እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት አምፖሉን ጠርጥሩ። እኔ ግማሽ ቀን አቃጥዬበታለሁ።

ዋናው ፕሮግራም ከወረቀት ቴፕ ነው የሚጫነው። ቴፑን የሚያነበው ፕሮግራም ግን በእጅ ይገባል። ስሙ ሪም ነው፤ 16 ቃል፤ ከ7756 ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ቃል 6032 ነው። ሳምንት ካሳለፋችሁ ጣታችሁ ራሱ ያስታውሰዋል፤ ልክ እንደ አባታችን ሆይ።

ዲስኩስ?

በጥንቃቄ። እኔ ያለኝ አርኬ05 ነው። ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዲስኩ 14 ኢንች ሲሆን እንደ ትሪ ይገባል ይወጣል።

የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ዲስኩን አይነካም፤ በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ክፍተቱ በጣም ጠባብ ስለሆነ የሲጋራ ጭስ ቅንጣት እንኳ ይበቃል። አንዴ ከነካ ይፍቃል፤ ጭንቅላቱም ዲስኩም አበቃላቸው። ስለዚህ የአየር ማጣሪያው መለወጥ አለበት፤ በዙሪያው ያለው ስፖንጅም እየፈራረሰ ከሆነ እንዲሁ። ስፖንጅ ከ40 ዓመት በኋላ ወይ ዱቄት ይሆናል ወይ ሬንጅ። ውስጡ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ጭንቅላቱን ወደኋላ የሚስብ ባትሪ አለ። ያ ባትሪ ሳይፈስ አይቀርም። ሳትሰኩ በፊት አውጡት።

የሞተሩን ኩሽኔታ በእጅ አዙራችሁ አዳምጡ። ቺንጋውም ይታይ።

ቴሌታይፑ ለምን ያን ያህል ይጮሃል?

መኪና ስለሆነ ነው እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አይደለም ማለት ይቻላል። ኤኤስአር-33 በሰከንድ 10 ፊደል ይመታል። ውስጡ ክንድ፣ ስፕሪንግና ጥርስ ብቻ ነው። ዘይቱ ደርቆ ማር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፊደሉን የምትመታው መዶሻ ጫፏ ላይ ጎማ ነበራት፤ አሁን ማስቲካ ሆናለች። ጎማ የሌላት መዶሻ የፊደሉን ሲሊንደር ትሰብራለች፤ ስለዚህ ቀድማችሁ ለውጧት። ትንሽ የጎማ ቱቦ ቆርጦ ማልበስ ይበቃል።

መለዋወጫና የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ሥዕል የት አገኛለሁ?

ተራዎቹ ባለ 7400 ተከታታይ ቺፖች ዛሬም ይገዛሉ። ከአውቶቡሱ (ካርዶቹ ከሚነጋገሩበት የጋራ መስመር) ጋር የሚያገናኙት፣ እንደ 8881 እና 8641 ያሉት፣ እየጠፉ ነው፤ ስታዩ ግዙ። ስታኞና ጥሩ መበየጃ ይኑራችሁ፤ አሮጌ ካርድ ላይ መዳቡ በቀላሉ ይላጣልና ብዙ አታግሉት።

ሥዕሉ ነው ዕድላችን። ዴክ የማሽኑን ሙሉ ሥዕል፣ እያንዳንዱን ትራንዚስተር ሳይቀር፣ ለደንበኛ ይሰጥ ነበር። እንዲጠገን ታስቦ የተሠራ ነው። ቢትሴቨርስ የሚባለው የኢንተርኔት ማኅደር ብዙውን ስካን አድርጎ አስቀምጦታል፤ በነጻ።

አዲስ አበባ ወይም አውሮፓ ብወስደውስ?

220 ቮልት በራሱ ችግር አይደለም። ብዙዎቹ ትራንስፎርመሮች ለሁለቱም ይቀየራሉ፤ ግን እንዴት እንደታሰረ ሳታዩ አትሰኩ (ደግሜ አልኩት)። ችግሩ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 60 ነው። የቴሌታይፕ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚያ ነው፤ ጥርሱ ካልተለወጠ ቀርፈፍ ብሎ ስለሚዞር የሚጽፈው ሁሉ ይዘባረቃል።

ገንዘቡም ቦታውም የለኝም። ቀረብኝ ማለት ነው?

በጭራሽ። የቀድሞ የዴክ ኃላፊ ቦብ ሱፕኒክ የጀመረው ሲምኤች የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ላፕቶፓችሁን ፒዲፒ-8፣ ፒዲፒ-11 ወይም ቫክስ ያደርገዋል። መብራቱ ካማራችሁ ደግሞ ፓይዲፒ የሚባል ኪት አለ፤ ራስቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከኋላው አስገብታችሁ እውነተኛ ማብሪያ የምትነኩበት። እኔም አዲስ ነገር የምሞክረው መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው። አይፈነዳም።

አማርኛ ይጽፋል?

ቴሌታይፑ የእንግሊዝኛ ካፒታል ፊደል ብቻ ነው ያለው። የእኛን ፊደል የት ያድርሰው? ልጄ ግን ይሄን መልስ አልተቀበለችም።

የወረቀት ቴፑ በወርዱ 8 ቀዳዳ ይይዛል። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ባይት ነው። እንግዲያው ቀዳዳዎቹን እንደ ነጥብ ብንጠቀምባቸው ፊደል መሳል ይቻላል። በቼክ ወረቀት ላይ 8 በ8 ሳጥን አሰመርንና "ሰላም"ን በነጥብ ሣልን። እሷ አጠቆረች፣ እኔ ወደ ቁጥር ቀየርኩ፣ በማብሪያ አስገባን። ስናስነሳው "ሰ" በደንብ ወጣ። "ላ" መሃል ላይ ቀዳጁ ቀጥ አለ። ብዙ ከፈታታሁ በኋላ ነው የገባኝ፦ ከነጥቦቹ አንዱ ረድፍ 024 ሆኗል። በእኔ ቴሌታይፕ 024 ማለት "ቀዳጁን አጥፋ" ነው። የ"ላ"ን እግር በአንድ ነጥብ አሳጠርነው።

አሁን ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ወረቀቱ ላይ የማይነበብ ነገር እየደበደበ፣ ከጎኑ ቴፑ ላይ "ሰላም" እየተበሳ ይወጣል። የመጀመሪያው፣ "ላ" የተቆረጠበት፣ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። እሷ የምትወደው እሱን ነው።